የብር ሻይ ማንኪያ ከወሎ ቤቶች፦ አፈላለግ፣ አለያየት፣ አያያዝ

አያቴ ቡፌ ውስጥ ስድስት ማንኪያዎች ነበሩ። አምስቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቀጠን ያሉ የሻይ ማንኪያዎች። ስድስተኛው ግን ለየት ይላል። ቁመቱ ከሌባ ጣት አይበልጥም። ጎድጓዳው እንደ ዛጎል ተሸንሽኗል። አያቴ ስኳር አታማስልበትም ነበር። ሻይ ቅጠሉን ከጣሳው ወደ በራዱ የምትጨምረው በሱ ነው። "ሁለት በሱ፣ ከዚያ አይለፍ" ትለን ነበር።

እሷ ካረፈች በኋላ አምስቱ ደሴ ውስጥ አንድ ወርቅ ቤት ሄደው በግራም ተሸጡ። ነገሩን ሰምቼ በሳምንቱ ልገዛቸው ስሄድ ቀልጠው ነበር። አጭሩ የተረፈው ሻይ ጣሳው ውስጥ ተረስቶ ነው። መሰብሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ማህተማቸውን እንኳ ሳላይ መቅረቴ ነው።

እንዲህ ያሉ ማንኪያዎች ወሎ ውስጥ ዛሬም አሉ። ችግሩ ባለቤቶቻቸው የሚያውቁት አንድ ገዢ ብቻ መሆኑ ነው፤ አቅላጩን። መሰብሰብ ለምትፈልጉ ሁሉ ከዜሮ ጀምሬ የተማርኩትን በተራ እነግራችኋለሁ። እንዳያምታታን፣ ከዚህ በታች "ብር" ስል ማዕድኑን ነው። የኪሱን "ገንዘብ" እለዋለሁ።

1. የምትፈልጉትን ለዩ

ሦስት ዓይነት ማንኪያ ያጋጥማችኋል።

አንደኛው ተራው የሻይ ማንኪያ ነው። ከ12 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። አብዛኛው ከውጭ የመጣ ነው። ደሴ የነጋዴ ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ላይ ተገንጥሎ በባቲ በኩል የሚወርደው መንገድ አሰብ ወደብ ያደርስ ነበር። ሻዩም ስኳሩም ብርጭቆውም በዚያ ሲገባ ማንኪያውም አብሮ ገባ። ጣሊያን አምስት ዓመት ሲቀመጥም ብዙ የማዕድ ዕቃ ትቶ ሄዷል።

ሁለተኛው የሻይ ቅጠል መቅጃው ነው፤ የአያቴ ዓይነት። የዚህ ታሪክ ከእንግሊዝ አገር ይጀምራል። በ18ኛው መቶ ዘመን ሻይ እዚያ ውድ ስለነበር ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጥ ነበር። ማንኪያው ሣጥኑ ውስጥ አብሮ እንዲዘጋበት እጀታው አጭር ተደረገ። ከ1770ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብዛት ተሠራ። በ1784 ደግሞ የሻይ ቀረጥ ከ119 በመቶ ወደ 12.5 በመቶ ሲወርድ ጠጪው በዛ፤ ማንኪያውም በዛ። በርሚንግሃም የሚባለው ከተማ አንጥረኞች በዛጎል፣ በቅጠል፣ በእጅ መዳፍ፣ በፈረስ ጋላቢ ቆብ ቅርጽ ሳይቀር ሠርተውታል። እንዲህ ዓይነቱ ወሎ ውስጥ ብርቅ ነው። ካገኛችሁ እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ።

ሦስተኛው የአገራችን አንጥረኛ የሠራው ነው። ማህተም የለውም። የመዶሻው ምት ከጀርባው ይታያል፤ ሁለት ማንኪያ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ እኩል አይመጡም። ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው ጠገራ ብር ነበር፤ የድሮው መገበያያ፣ የማርትሬዛው። አንድ ጠገራ ወደ 28 ግራም ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.4 ግራም ያህል ነው፤ ቀሪው መዳብ ይበዛበታል። ከአንድ ጠገራ አንድ ደህና የሻይ ማንኪያ ይወጣል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ይህንን ነው። የእንግሊዙን ሰብሳቢ ለንደንም ሞልቷል። የኛን አንጥረኛ ሥራ ግን እኛ ካልያዝነው ማንም አይይዘው።

2. ቦርሳችሁን አዘጋጁ

ብዙ አያስፈልግም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር፣ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ የኪስ ሚዛን፣ ማግኔት፣ ክር፣ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ፣ ማስመሪያና ደብተር። የስልካችሁ ካሜራ ቀሪውን ይሠራል።

3. የት ይገኛል?

መጀመሪያ ከራሳችሁ ዘመድ ቤት ጀምሩ። ብዙ ሰው ገበያ ለገበያ ይዞርና የአክስቱን ቡፌ ይረሳል።

ቀጥሎ ቆራሌውንና የልዋጭ ሴቶችን ተዋወቁ። ሰው የሚንቀው ነገር ሁሉ መጀመሪያ እነሱ እጅ ይገባል። የጠቆረ ብር ደግሞ አልሙኒየም ይመስላል። አንድ ጊዜ የምትፈልጉትን ማንኪያ አሳዩዋቸው፤ ዋጋውን በሐቅ ክፈሉ፤ ስልካችሁን ስጡ። ከዚያ ወዲያ እነሱ ናቸው የሚፈልጓችሁ።

ሦስተኛው ወርቅ ቤት ነው። ለማቅለጥ የመጣውን ከማቅለጡ በፊት እንዲያሳዩዋችሁ ተስማሙ። ከግራሙ ዋጋ በላይ ትንሽ ጨምራችሁ ከከፈላችሁ እነሱም አይጎዱም። የኔ አምስት ማንኪያዎች በዚህ ዓይነት ስምምነት ይተርፉ ነበር።

ባቲም አለች። ሰኞ ገበያዋ ላይ ከቆላም ከደጋም ሰው ይገናኛል፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው። የብር ጌጥ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ጠጋ ብላችሁ ጌጥ ያልሆነውን ጠይቁ። ማንኪያ ብዙ ጊዜ ከፌስታል ሥር ነው የሚወጣው። ማልዳችሁ ድረሱ። ላሊበላ የስጦታ ዕቃ ሱቆች ውስጥም ይገኛል፤ ግን እዚያ ዋጋው ለቱሪስት የተቆረጠ ነው፤ ያረጀ እንዲመስል ተብሎ የጠቆረ አዲስ ዕቃም አይጠፋም።

ሰው ቤት ስትገቡ አካሄዱ ሌላ ነው። ወሎ ውስጥ ቡና ሳይቀመስ ዋጋ አይጠየቅም። አቦሉ ላይ ስለ ዘመድ ተጨዋወቱ። ቶናው ላይ ስለ ድሮ ሻይ አፈላል ጠይቁ፤ ማን ያፈላ ነበር፣ ቅርንፉድና ቀረፋው ከየት ይመጣ ነበር። ማንኪያው ራሱ ይመጣል። አንዲት እናት እንዲህ ሲያወሩልኝ በረካ ላይ ደረስን። "አብሽር ልጄ፣ ቆይ ላምጣልህ" ብለው ከሣጥን ሥር በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለሉ ሦስት ማንኪያዎች አወጡ። አንዱን ሸጡልኝ። ሁለቱን ለሴት ልጃቸው አስቀሩ። ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። ባለቤቱ ልቡ ካመነታ አትግፉ። ፎቶ እንዲነሳና እንዲለካ ብቻ ፈቃድ ጠይቁ፤ ያም ትልቅ ነገር ነው።

4. ማህተሙን አንብቡ

ማንኪያውን ገልብጡ። ማህተሙ ከእጀታው ጀርባ ላይ ነው፤ በሻይ ቅጠል መቅጃው ላይ አንዳንዴ ጎድጓዳው ውስጥ ይገኛል። ከጠቆረ በጥጥ ጨርቅ በቀስታ አብሱት፤ አትፈግፍጉ። ብርሃን ከጎን እንዲያርፍበት አድርጋችሁ በአጉሊ መነጽሩ እዩ።

የእንግሊዙ በተርታ የተመቱ ትናንሽ ሥዕሎች ናቸው። የሚራመድ አንበሳ ካለ ከ1000 ውስጥ 925 እጁ ብር ነው። ቀጥሎ የከተማው ምልክት ይመጣል፤ መልሕቅ ከሆነ በርሚንግሃም፣ የነብር ራስ ከሆነ ለንደን። አንዲት ፊደል ዓመቱን ትነግራለች። የሠሪውም ስም በሁለት ፊደል ይኖራል። የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ ካለበት ደግሞ ቀረጥ የተከፈለበት ስለሆነ ከ1784 እስከ 1890 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ራሱ የወንድ ከሆነ ከንግሥት ቪክቶሪያ በፊት ነው፤ ማለትም ከ1830ዎቹ ማብቂያ ወዲህ አይዘልም። ከአንዲት ጤፍ የምታህል ሥዕል ይህን ሁሉ ማንበብ መቻል ለኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ ነው።

ደሴ አካባቢ ይበልጥ የሚያጋጥመው ግን 800 የሚል ቁጥር ነው። ከ1000 ውስጥ 800 እጁ ብር ነው ማለት ነው። ጣሊያኖችም ጀርመኖችም ተጠቅመውበታል። ከ1888 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያለው የጀርመን ማንኪያ ከቁጥሩ ጋር ግማሽ ጨረቃና ዘውድ አለው። ጨረቃዋን አይቶ "ይሄ ከዐረብ አገር የመጣ ነው" ብሎ የማለልኝ ነጋዴ ነበር። ሰውየው አልዋሸም፤ እንደዚያ ነው የመሰለው። እናንተ ግን ዘውዱን ፈልጉ።

84 የሚለው ቁጥር ይጠንቀቃችሁ። የድሮ ሩሲያ ብር ላይ 84 ማለት 875 እጅ ነው፤ ጥሩ ብር ነው። ነገር ግን አንዳንድ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ብር የተነከረ ዕቃ ላይ 84 ወይም 90 ይመታሉ። ያ ለአንድ ሙሉ ስብስብ ማንኪያና ሹካ መንከሪያ የገባውን የብር ግራም የሚናገር ነው። ውስጡ ሌላ ብረት ነው። በላቲን ፊደል ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ. (EPNS) የሚልም እንደዚሁ ንክር ነው። አልፓካ የሚለው ደግሞ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ነው፤ ስሙ ያምራል እንጂ ብር የለበትም። እኔ መጀመሪያ ከገዛኋቸው አራት ማንኪያዎች ሦስቱ አልፓካ ነበሩ። የሸጠልኝ ሱቅ በብር ዋጋ ነው የሸጠልኝ። ፊደሉ እዚያው ጀርባው ላይ ተጽፎ ሳላነብ ከፈልኩ።

5. ብር መሆኑን ፈትኑ

ማህተም ከሌለ ወይም ካልተማመናችሁ ሦስት ፈተና አለ።

ማግኔት፦ ከሳበው ብር አይደለም። ካልሳበው ግን ገና አልተረጋገጠም፤ አልፓካንም ነሐስንም ማግኔት አይስብም።

ትኩስ ሻይ፦ ይህን የትም ሻይ ቤት ማድረግ ትችላላችሁ። የምትጠራጠሩትን ማንኪያና የሻይ ቤቱን ተራ ማንኪያ አንድ ላይ ትኩስ ሻይ ውስጥ ክተቱ። የሁለቱንም እጀታ ጫፍ ያዙ። ሙቀት በማሳለፍ ብርን የሚበልጥ ብረት የለም። ስለዚህ የብሩ ጫፍ ወዲያው ጣት ይለበልባል፤ ተራው ገና ቀዝቃዛ ነው። ንክሩም ከብሩ ይዘገያል፤ ምክንያቱም ብሩ ቆዳው ላይ ብቻ ነው።

ውኃ፦ እኔ የምተማመነው በዚህ ነው። መጀመሪያ ማንኪያውን በደረቁ መዝኑና ጻፉ። ቀጥሎ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ንባቡን ወደ ዜሮ መልሱ። ማንኪያውን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ አስገቡ። የብርጭቆውን ወለልም ጎንም እንዳይነካ። የአየር አረፋ ካለ አራግፉት። አሁን ሚዛኑ ላይ የወጣውን ቁጥር ጻፉ። የደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር አካፍሉ።

ምሳሌ እንውሰድ። ማንኪያው በደረቁ 20 ግራም ነው። ውኃ ውስጥ ሚዛኑ 1.94 አለ። 20 ለ1.94 ሲካፈል 10.3 ይሆናል። ብር ነው። ሌላ 20 ግራም ማንኪያ 2.30 ካለ ውጤቱ 8.7 ነው። ያ ንክር ወይም አልፓካ ነው። ከ10 እስከ 10.4 ባለው ውስጥ ከወደቀ ደስ ይበላችሁ። ይህ ፈተና 800ን ከ925 በእርግጠኝነት አይለይም፤ ብሩን ብር ካልሆነው ግን በደንብ ይለያል። እጀታው በሌላ ነገር የተሞላ ወይም እንጨት ያለበት ከሆነ አይሠራም።

በአሲድ እንፈትነው የሚላችሁ ካለ አመስግናችሁ ተዉት። አሲዱ ጠባሳ ይተዋል፤ ጢሱም ለሳንባ አደገኛ ነው።

6. ጉዳቱን እዩ

ማንኪያው ላይ "ሃ" ብላችሁ ተንፍሱበት። እንፋሎቱ ሲያርፍበት የተበየደበት መስመር፣ የተፋቀ ስም፣ የተለጠፈ ቁራጭ ለአፍታ ጎልቶ ይታያል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አድኖኛል። ቀጥሎ የጎድጓዳውን ጫፍ በጣታችሁ ዳስሱ። መቶ ዓመት ብርጭቆ የቆረቆረ ጫፍ ይሳሳል፤ በአንድ ጎንም ይበላል። መጠነኛ መሳሳት ዕድሜ ነው፤ አይጠላም። ስንጥቅ ግን ዋጋ ይቀንሳል።

አጭሩን የሻይ ቅጠል መቅጃ ስታገኙ ይበልጥ ጠርጥሩ። ተራ የሻይ ማንኪያ እጀታው ተቆርጦ፣ ጎድጓዳው ተቀጥቅጦ በዛጎል ቅርጽ ሊሠራ ይችላል። ማህተሙ ቅርጹ ከተቀየረበት ቦታ ላይ ከተለጠጠ ወይም ከተቆረጠ ነገሩ ተሠርቷል።

የተሰበረ ካገኛችሁ በእርሳስ አታስበይዱ። እርሳስ አንዴ ብር ላይ ከገባ በኋላ በደንብ ለመጠገን ያስቸግራል።

7. ዋጋ

የዕለቱን የአንድ ግራም ብር ዋጋ ወርቅ ቤት ጠይቁ። ማንኪያው 22 ግራም ቢመዝንና 800 ቢሆን ንጹሑ ብር 17.6 ግራም ነው። ይህ ወለሉ ነው። ከዚህ በታች ለባለቤቱ አታቅርቡ፤ አቅላጩም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ማህተሙ የሚነበብ፣ ጉዳት የሌለበት፣ ወሬው የሚታወቅ ከሆነ ጨምሩ። አንድ ዓይነት ስድስቱ ከነሙሉነታቸው ከተገኙ ከስድስት ነጠላ ይበልጣሉ።

8. የማይገዛ

ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የመስቀል ቅርጽ እጀታ ያለው የብር ማንኪያ ቢያመጡላችሁ የሻይ ማንኪያ አይደለም። እርፈ መስቀል ነው፤ ካህናት ቅዱስ ደሙን የሚያቀብሉበት። ቦታው ቤተ መቅደስ ነው። አትግዙ። ከየት እንደመጣ ጠይቁና ለደብሩ ወይም ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።

ደሴ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት ውስጥ ስትገባ ሙዚየሟ ተዘርፏል፤ ከሰው ቤትም ብዙ ንብረት ወጥቷል። ስለዚህ ሻጩ "የማን ነበር?" ሲባል መልሱ የሚዞርበት ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ። ቁጥር የተጻፈበት ወይም የተፋቀ የመዝገብ ምልክት ያለበት ዕቃማ ጭራሽ አይገዛም። ዕቃውን ውጭ አገር ላለ ዘመድ እልካለሁ የምትሉ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን እወቁ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

በነገራችን ላይ በጣም ትንሽ ማንኪያ ጫፍ ያላት፣ ባንገት የምትንጠለጠል የብር ዘንግ ካያችሁ የጆሮ ማጽጃ ናት። ቆንጆ ነገር ናት፤ ሰብስቧት። ሻይ ብቻ አታማስሉባት።

9. ማጽዳት

የወሎ እናቶች ብርን በአመድ ያሹ ነበር። ያበራል፤ ግን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይፍቃል። ደቃቅ አሸዋም እንዲሁ፣ የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ። ሎሚ ከጨው ጋር ደግሞ ይበላዋል። በረኪና ከቶ አይቅረበው።

የሚበቃው ለብ ያለ ውኃ፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙናና የጥጥ ጨርቅ ነው። ከእጀታው ወደ ጎድጓዳው በአንድ አቅጣጫ አብሱ። ወዲያው አድርቁ። በጣም የጠቆረ ከሆነ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የአልሙኒየም ፎይል አንጥፉ፣ ትኩስ ውኃና አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ፣ ማንኪያው ፎይሉን እንዲነካ አድርጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ ተዉት። ጥቁረቱ ድኝ ከብር ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ነው፤ አልሙኒየሙ ድኙን ከብሩ ይቀበለዋል። ይህን ግን አታዘውትሩ። በጌጡ ቅርጽ ውስጥ የተኛው ጥላ አብሮ ይሄዳል፤ ማንኪያውም ትናንት የተገዛ ይመስላል። የአገር አንጥረኛ ሥራ ላይ እኔ ፈጽሞ አላደርገውም።

10. ማስቀመጥ

ደሴ ከ2400 ሜትር በላይ ናት። ክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ቤት ውስጥ ይገባል። እርጥበት ብር ያጠቁራል። እያንዳንዱን በታጠበ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉና ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን የሚገኘውን እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ጨምራችሁ አስቀምጡ። በላስቲክ አትሰሩት። በሱፍ አትጠቅልሉት። ከሽንኩርትና ከእንቁላል፣ ከከሰል ጭስም አርቁት። ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ ያለ ቡፌ ለዓይን ያምራል፤ ለብሩ ግን ጥሩ አይደለም።

ሻይ ብትጠጡበትስ? ጠጡበት። ሳይነኩ ከማስቀመጥ በልክ መጠቀም ይሻላል። ማታውኑ ታጥቦ ይድረቅ እንጂ።

11. ደብተሩ

ይህ ካልተደረገ ያላችሁት ማንኪያ እንጂ ስብስብ አይደለም። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ስጡ። ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ በጥጥ ክር እጀታው ላይ እሰሩ፤ ብሩ ላይ በጭራሽ አትጫሩ። ርዝመት፣ ክብደት፣ የውኃው ውጤት፣ ማህተሙ በሥዕል፣ የተገኘበት ቀንና ቦታ። ከዚያ ባለቤቱ የነገራችሁን ራሱ በተናገረበት ቃል ጻፉ። አታሳምሩት። ስሙ እንዳይጻፍ ከፈለገም አትጻፉ።

የኔ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ እንዲህ ይላል። "ቁጥር 1። የሻይ ቅጠል መቅጃ፣ ዛጎል። ርዝመት 7.2 ሴ.ሜ.። ክብደት 9.4 ግራም። አንበሳ፣ መልሕቅ፣ የወንድ ራስ፤ የዓመቱ ፊደል ተበልቷል። ጫፉ በግራ በኩል ስስ። ከአያቴ ሻይ ጣሳ ውስጥ። ለአንድ በራድ ሁለት በሱ።"